አዞውስ ይታያል

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው ሚኒባስ ሁምቦን አልፎ ቁልቁል ሲንደረደር ጆሮ ይደፍናል። ልጄ በሁለት መዳፏ ጆሮዋን ይዛ አፏን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየችና፣ ወበቁ ሲቀበለን ሹራቧን አውልቃ ጭኔ ላይ ጣለችው። ዋጅፎን እንዳለፍን በግራ በኩል፣ በሙዝ ተክሉ መሀል፣ ዓባያ ብልጭ አለ። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ብዙ አየችው።

«እማ፣ ባሕሩ ምን ሆኖ ነው የቀላው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ «ባሕር አሳይሻለሁ» እያልኩ ያባበልኳት ልጅ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። በስልኬ ያየችው ባሕር ሰማያዊ ነው፤ ዓሣ ነባሪ አለበት፤ አሸዋው ነጭ ነው። እናቴ በወጣትነቷ ምጽዋ ወርዳ እግሯን ጨው ውኃ ውስጥ ነክራለች፤ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። እኔ ስወለድ አገሬ ባሕር ነበራት፤ ልጄ ስትወለድ አልነበራትም። ሞምባሳ ለመሄድ ደግሞ አቅሜ አይፈቅድም። ስለዚህ ዓባያን ባሕር ብዬ ሸጥኩላት። እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም፤ በእኛ ቋንቋ ትልቅ ውኃ ሁሉ ባሕር ነው፤ ጣና ዳር የተቀመጠችው ከተማ ባሕር ዳር የተባለችው ለዚህ አይደል? ያላሰብኩበት ቀለሙን ነው።

ከፊታችን የተቀመጡ አዛውንት ዘወር ብለው «አፈር ነው ልጄ» አሏት። «ዝናብ ከደጋው ጠርጎ ያመጣዋል። የኛ ማሳ ነው እዚያ ውስጥ ያለው።»

ልክ ናቸው። ዓባያ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትልቁ፣ በአገሪቱም ከጣና ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 13 ሜትር ነው፤ ይህን ለሚያህል ስፋት ሰፌድ ላይ የፈሰሰ ውኃ ማለት ነው። ብላቴ ከሰሜን፣ ጊዳቦና ገላና ከምሥራቅ፣ ሐሬና ባሶ ከጋሞ ተራሮች አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ነፋሱ ደግሞ ከሥር ያማስለዋል። ደቃቁ ሸክላ ስለማይዘቅጥ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ብርሃን ካልዘለቀ ዓሣ የሚመገበው ደቃቅ ዕፅዋት እንደ ልብ አያድግም። ከእግዜር ድልድይ ማዶ ያለው ታናሹ ሐይቅ ጫሞ ጠራ ያለ ስለሆነ በዓሣ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1896፣ ዓድዋ ላይ የሆነው ከሆነ ከወራት በኋላ፣ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሚባል ጣሊያናዊ አሳሽ እዚህ ደርሶ ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ሄዷል። ስሙ በፈረንጅ ካርታ ላይ ብዙ ዘመን ቆየ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ግን ዓባያ ነው የሚለው።

ብርብር ወረድን። የምዕራብ ዓባያ ወረዳ ከተማ ናት፤ ብዙ ተጓዥ በመስኮት ሙዝ ገዝቶ የሚያልፋት። እኔ የወረድኩት የድሮ ጓደኛዬ በዚህ አካባቢ አዋላጅ ነርስ ስለሆነች ነው። ሻንጣችንን ተቀብላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ መንገዱ አልነበረም። «አጎበር ይዘሻል?» አለችኝ። አልያዝኩም። ከንፈሯን መጠጠች።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሐይቁ ዳር ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ ሰብስበው እየተመለሱ ነበር። በዓባያ የቆየው ጀልባ ከሐይቁ ዳር የሚበቅል፣ እንደ ቡሽ የቀለለ እንጨት ጎን ለጎን ታስሮ የሚሠራ ነው። ለዓይን ጀልባ አይመስልም፤ ውኃው በግንዶቹ መሀል ይገባል ይወጣል፣ ሰውየው እግሩ እየራሰ ይቀዝፋል። በዚህ ዓይነቱ ጀልባ በዝና የሚታወቁት የጊዲቾ ደሴት ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር ደሴቱን የተጋሩት ባይሶዎች የሚናገሩት የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ዙሪያቸውን ያለው ሕዝብ ግን በአብዛኛው የኦሞ ቋንቋ ተናጋሪ ነው። ዛሬ ከባይሶዎች ብዙዎቹ ደሴቱን ትተው ወደ ዳር ወጥተዋል፤ እዚሁ ምዕራብ ዓባያ አልጌ የምትባል መንደራቸው አለች። አንድ ቋንቋ ውኃ ተሻግሮ ሰፈር ቀየረ ማለት ነው። ስለ እነሱ ብቻ ሌላ ቀን መጻፍ ይገባኛል።

አንዱ አጥማጅ ልጄ አንገቷን አስግጋ ስታይ ጠራት። መዳፉን የምታህል ቆሮሶ ይዟል። «ነይ ሚጡ፣ ይቺ አፏ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርሽ?» አላት። በአውራ ጣቱ የዓሣዋን መንጋጋ ጫን አደረገ። ከአፏ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ልጆች፣ ዓይናቸው ብቻ ጎልቶ የሚታይ፣ በውኃ ተጠቅልለው ባልዲው ውስጥ ፈሰሱ። ባልዲው ውስጥ አንድ ላይ ተሰብስበው ወዲያና ወዲህ ይሉ ጀመር። ልጄ መጀመሪያ ጮኸች። ቀጥሎ «በልታቸው ነው?» ብላ ጠየቀች።

አልበላቻቸውም። ቆሮሶ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ሰብስባ አፏ ውስጥ ትከታለች። እንቁላሎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ የትልቋ ዓሣ ከሺህም ያልፋል። ሳይበላሹ እንዲፈለፈሉ ውኃ እያሳለፈች ታገላብጣቸዋለች። ከተፈለፈሉም በኋላ ትንሽ እስኪጠነክሩ ትጠብቃቸዋለች፤ ለመቃረም ይወጣሉ፣ አደጋ ሲመጣ እየተግተለተሉ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚያ ጊዜ እናቲቱ ምግብ የሚባል ነገር እምብዛም አትቀምስም። አፍ ያላት ግን መብላት የማትችል ዓሣ።

ስለ እናት አዞም እንዲሁ ነው። አርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ፣ ዓባያ ዳር፣ መንግሥት ለቆዳ ብሎ ያቋቋመው የአዞ እርባታ ውስጥ አስጎብኚዎች ይህን ሳይነግሩ ጎብኚ አይሸኙም። አዞ ከ25 እስከ 80 የሚደርስ እንቁላል አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ጎጆዋን ትጠብቃለች። የአሸዋው ሙቀት ጫጩቶቹ ወንድ ይሁኑ ሴት ይወስናል። መፈልፈያቸው ሲደርስ ገና ከእንቁላሉ ውስጥ ይጣራሉ። እሷ ድምፃቸውን ሰምታ አሸዋውን ትቆፍርና፣ የበሬ አጥንት በሚሰብረው መንጋጋዋ እያነሳች ውኃ ዳር ታደርሳቸዋለች። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም። ልጅን ይዞ መጓዝ በአፍ እንደ መያዝ ነው፤ አጥብቀሽ ከነከስሽ ትጎጂዋለሽ፣ ካላላሽ ይወድቃል።

ዳር ላይ ዓሣ የምትገፍ አንዲት ሴት ነበረች። ሕፃን በጀርባዋ አዝላለች። ልጄ ወደ ውኃው ጠጋ ስትል ደንግጬ ጎተትኳት። ሴትየዋ ቢላዋዋን ሳታቆም ሳቀችብኝ።

«እህቴ፣ አዞውስ ይታያል» አለች። «የማይታየውን ፍሪ።»

አዞ አያስፈራም ማለቷ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. አርባ ምንጭ አጠገብ፣ በዚሁ ሐይቅ ዳር፣ አንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ምእመናን እያጠመቀ ሳለ አዞ ወስዶታል፤ ወሬው እስከ ውጭ አገር ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ አዞ የት እንደሚተኛ፣ ጉማሬ በስንት ሰዓት ለግጦሽ እንደሚወጣ፣ የትኛው ዳርቻ ውኃ እንደማይቀዳበት በልጅነቱ ይማረዋል። ትንኝ ግን የሚተኛበት ዳርቻ የለውም።

የማይታየው ያለችውን እኔም አውቀዋለሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አንድ ቆላ አገር ለሠርግ ይዣት ሄድኩ። ሁለት ሌሊት አደርን። አዲስ አበባ ከተመለስን ከአሥር ቀን በኋላ አተኮሳት። «ጥርስ ልታወጣ ነው» አልኩ። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ጉንፋን ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡኝ፤ የት ከርማችሁ መጣችሁ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ማታ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሎ እጅና እግሯ ሲንቀጠቀጥ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጮህኩ። ሆስፒታል የደረስነው የታክሲ ሾፌሩ ቀይ መብራት እየጣሰ ነው። ጣቷን ወግተው ደሟን አዩ፤ ወባ። ተረፈች። ዛሬም ድረስ ትኩሳት ሲይዛት መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ካላንደሩ ነው፤ የት ነበርን፣ መቼ?

ጓደኛዬ ይህን ታሪክ ታውቃለች። ለዚህ ነው ከንፈሯን የመጠጠችው።

ጋሞ ደጋው ላይ በብዛት የሰፈረው ያለ ምክንያት አይደለም። የድሮ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን እንደ ሞት ይፈራ ነበር። የአካባቢው ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ራሱ ለዓመታት ብርዳሟ ጨንቻ ነበረች፤ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው ዘግይቶ ነው። ደጋም ቢሆን ሁልጊዜ አያስመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከወትሮው ከፍ ብሎ ወደ ወይና ደጋው ሲወጣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ድል ሊመታ የተቃረበ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን በአገሪቱ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ ተመዘገበ።

በእርጉዝ ሴት ላይ ወባ ሌላ ነው። ጥገኛው የእንግዴ ልጁ ውስጥ ይደበቃል፤ እናቲቱ ደም ያንሳታል፤ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል። ለዚህ ነው ጓደኛዬ እርጉዝ ባየች ቁጥር ስለ ሆዷ ሳይሆን በመጀመሪያ ስለ አልጋዋ የምትጠይቀው። አጎበሩ ተሰቅሏል ወይስ ሳጥን ውስጥ ነው? ባልሽ ነው ወይስ አንቺ ነሽ ከሥሩ የምትተኚው?

ከብርብር ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ የምታልፉት ጫኖ በዚህ ነገር የታወቀ ስም አለው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲው ፈቃዱ ማሴቦና ኖርዌያዊው በርንት ሊንድቾርን እዚያ ቤቶችን መርጠው በርና መስኮታቸውን በወንፊት ሽቦ ሸፈኑ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ወደ ቤት የሚገባው የወባ ትንኝ በ40 በመቶ ቀነሰ። ሽቦና ሚስማር ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ጫኖን ሳልፍ የቤቶቹን መስኮት ስቆጥር ነበር፤ በዓይኔ የገቡት አብዛኞቹ ክፍት ናቸው። ለምን እንደሆነ ግን የምዕራብ ዓባያ ከሰዓትን አንዴ የቀመሰ ያውቀዋል፤ በዚያ ወበቅ መስኮት መዝጋት ቅጣት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ እናቶች ማቆያው ሄድን። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያለ ተራ ቤት ነው፤ ፍራሾች፣ አንድ ማብሰያ፣ በር ላይ የተደረደሩ ፕላስቲክ ጫማዎች። መውለጃቸው የተቃረበ፣ ቤታቸው ሩቅ ተራራ ላይ የሆነ ሴቶች እዚህ መጥተው ቀናቸውን ይጠብቃሉ። አንዷ ቡና እየቆላች ነበር። ከላይ ከደጋው ቀበሌ ነው የወረደችው፤ መንገዱ መኪና እስኪያገኙ ድረስ በእግር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ምጥ ከያዛት በኋላ በቃሬዛ ነበር ያወረዷት። ሰዎቹ ተራ እየተቀያየሩ ሲሸከሙ ጨለመባቸው። «የሚሸከሙኝ ሲንሸራተቱ እኔ እነሱን ነበር የማዝንላቸው» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። ልጁ አልተረፈም። ይህን ስትናገር ቡናውን ማማሰሏን አላቆመችም። እኔ ልጄን ለማዝናናት የመጣሁበትን አገር እሷ ለመውለድ ሁለት ጊዜ ተጉዛበታለች።

ለውጡን ቁጥር ያሳየዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለደች ኢትዮጵያዊት ከመቶ አምስት ነበረች። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ወጣ። ከ100,000 ወሊድ የሚሞቱ እናቶች በ2000 በተደረገው ጥናት 871፣ በ2016ቱ 412 ነበሩ። በመሀል የሆነውን ጓደኛዬ በአንድ ቃል ትጠቀልለዋለች፤ «እግር» ትላለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማለቷ ነው፤ ከቤት ቤት የሚዞሩ፣ እርጉዟን ከነስሟ የሚያውቁ።

ምሳ ኩርኩፋ ነበር፤ የበቆሎ ዱቄት ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተድቦልቡሎ የተቀቀለ። ጋሞዎች ዛፉን ሀለኮ ይሉታል፤ በየጓሮው ይቆማል። ቅጠሉ ብረት፣ ካልሲየምና ፕሮቲን አለው፤ ደም ላነሳት እናት ከደጇ የሚሸመጠጥ ነገር ነው። ዓሣም አለ እንግዲህ። ግን እዚህ ላይ ያየሁት አልጣመኝም። ጠዋት ዳር ላይ ዓሣ ስትገፍ የነበረችውን ሴት «ለቤትስ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ትልልቁ ለነጋዴ ነው፣ ነጋዴው ለከተማ ሆቴል፤ በገንዘቡ በቆሎ ይገዛል። ጭንቅላትና አጥንቱን ግን ትቀቅለዋለች። አርባ ምንጭ ውስጥ ኮተሌትና ዱለት እያልን ስናዝ ከማን ሳህን እንደተነሳ የሚያስብ ሰው አላየሁም። እኔንም ጨምሮ፤ በማግስቱ ሁለት ኮተሌት አዝዣለሁ።

ከማይታየው ወገን አንድ ልጨምር። በመንገድ ላይ አንድ ጅረት ዳር ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ልጆቻቸው ውኃው ውስጥ ይንቦራጨቃሉ። ልጄም ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። እጇን ያዝኩ። እንዲህ ባለ ቀስ ብሎ በሚሄድ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ካለ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ በቆዳ ነው የሚገባው። ለዚህ በሽታ መላ ከጠቆሙት አንዱ የእኛው ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሳው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ጅረቱ ዳር ያሉት ሴቶች ግን የሚያጥቡት በኦሞ ነው። እንዶድ የምታውቅ ካለች ብዬ ጠየቅኩ፤ አንዲት አሮጊት ብቻ «እሱማ የድሮ ነው» አሉኝ።

ማታ ጓደኛዬ አጎበር ተውሳ አመጣችልን። በጣራው ምስማር በአራት ገመድ ወጠርነው። ልጄ ድንኳን ነው ብላ ገብታ አልወጣም አለች። ተኝታ በመረቡ ቀዳዳ እያየች፣ «ይኼማ የዓሣ መረብ ነው» አለች።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ጠዋት ዳሩ ላይ ከተሰጡት መረቦች አንዱ ነጣ ያለና ደቃቅ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳየው አጎበር ነው። ያረጀ ይሁን አዲስ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። በአፍሪካ ብዙ ሐይቆች ዳር የሚታይ ነገር ነው። ትንኝ እንዳያሳልፍ የተሠራ ቀዳዳ ምንም አያሳልፍም፤ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉትን የቆሮሶ ልጆች ሳይቀር ጠርጎ ያወጣቸዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አጥማጁ ግን ዛሬ ማታ የሚበላው ልጅ አለው። አልጋው ላይ ቢሰቅለው ልጁ ከትንኝ ይድናል፤ ሐይቁ ውስጥ ቢጥለው ልጁ ይበላል። ምን ብዬ ልፍረድበት?

ይህን እያሰብኩ ስገላበጥ ልጄ «እማ፣ ቀዳዳ አለው» አለችኝ። ስልኬን አበራሁ። በእግር በኩል ጣት የሚያሳልፍ ተተርትሯል። መርፌ የለም። ከፀጉሯ ላይ ያሰረችበትን ላስቲክ ፈታ ሰጠችኝ፤ ቀዳዳውን ሰብስቤ ጠምዝዤ አሰርኩት። ውጭ እንቁራሪቶቹ አንድ ላይ ይጮኻሉ። ጆሮዬ ላይ አንዷ ትንኝ «እ-እ-እ-እ» እያለች መጣችና ከመረቡ ውጭ ቀረች።

በሦስተኛው ቀን ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ስንመለስ ብርብር ላይ አንድ ልጅ በመስኮት ማንጎ አቀበለን። ልጄ ቆራርጬ የሰጠኋትን ሁሉ አፏ ውስጥ ከተተችና ጉንጮቿ ተነፉ። ባሕሩ በቀኝ በኩል ቀይ ሆኖ ይከተለናል። «እንዴት ነበር ታዲያ ባሕሩ?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ደግሜ ጠየቅኳት። በጣቷ ጉንጯን አሳየችኝ።

«ምንድን ነው?»

«ልዶቼ» አለች፣ ማንጎው እየተንጠባጠበ። «አይወራም።»

ዋጅፎን አለፍን፤ አፏን አልከፈተችም። ጎናችን የተቀመጡት እናት ልጅቷ ያመማት መስሏቸው ውኃ ሊሰጧት ኮዳቸውን አወጡ። ዳገቱን ስንጀምር ጆሮዋ ተደፈነና ሳታስበው ዋጠች። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

«እማ፣ በላኋቸው!»